ከቄራ ፈርስ እስከ አቃቂ ውሃ
የአዲስ አበባ አትክልት አምራቾች መሬት፣ ውሃና ማዳበሪያ ያገኙበት ታሪክ

የኅብረት ሥራ ማህበራት ታሪክ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ገጠሩ ነው። ጤፍና ስንዴ አምራቹ፣ ቡና አቅራቢው፣ ማዳበሪያ በወቅቱ እንዲደርሰው ዩኒየኑን የሚጠባበቀው አርሶ አደር ነው በዓይነ ሕሊና የሚታየው። ይሁን እንጂ በአገራችን ዋና ከተማ ውስጥ፣ በድልድይ ሥርና በፋብሪካ አጥር ጀርባ፣ ቆስጣና ሰላጣ አምርተው ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ ከዚያም አልፈው ተደራጅተው ማህበር ያቆሙ ሰዎች አሉ። የእነዚህ አምራቾች ታሪክ በኅብረት ሥራ መጽሔቶች ላይ እምብዛም አይነሳም። በዚህ የምስረታ በዓል እትም እንዲነሳ የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የዩኒየኑ አባላት ዛሬ የሚያነሱትን መሬት፣ ውሃ፣ ማዳበሪያና ዘር ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ እነዚህ ሰዎች ከበጀትም ከፕሮጀክትም በፊት በአካባቢያቸው ባገኙት ነገር ሲመልሱት ስለኖሩ ነው።

ከጓሮ ወደ ወንዝ ዳር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ዛሬ ከተማ ሲባል የምናስበውን አትመስልም ነበር። ቤተ መንግሥቱን ተከትለው የሰፈሩት የመኳንንቱ ሰፈሮች በወንዞችና በሸለቆዎች የተለያዩ ስለነበሩ በመካከላቸው ሰፊ ክፍት ቦታ ነበር። በየግቢው ከብት፣ በቅሎና ፈረስ ይታሰራል፤ ከእልፍኙ ጀርባ ጎመን፣ ጌሾና ቃሪያ ይተከላል። የጓሮ አፈር ከእርሻ አፈር የሚበልጥበት ምስጢር ለማንም እናት የተሰወረ አይደለም። የምድጃው አመድ፣ የበረቱ ጥራጊ፣ የጠላው አተላና የእጣቢው ውሃ በየቀኑ የሚደፋው እዚያው ነው። ባለሙያዎች ኋላ በኮሌጅ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ብለው የተማሩትን ነገር እናቶች ስም ሳይሰጡት ሲሠሩበት ኖረዋል።

እዚህ ላይ ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ከአዲስ አበባ በፊት የነበሩት የነገሥታት ከተሞች በአካባቢው ያለው ማገዶ ሲያልቅ የሚለቀቁ ነበሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዙሪያው ሲስፋፋ ግን ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ለአትክልት አምራቹ ይህ ታሪክ ትርጉም ያለው ማገዶና ማዳበሪያ ከጥንት ጀምሮ የሚሻሙት አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እርሱም እበት ነው። ማገዶ በጠፋ ቁጥር እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ማገዶ ሲገኝ ፍግ ሆኖ መሬት ይገባል። በብዙ የደጋ ወረዳዎች መሬቱ የሚራበው በዚህ ሽሚያ ምክንያት መሆኑን ማንኛውም የልማት ሠራተኛ በየቀኑ የሚያየው ነው። አዲስ አበባም ከዚህ ሽሚያ ነፃ ሆና አታውቅም። የኩበት ገበያ በከተማዋ ዳርቻ ለረጅም ዘመን የዘለቀ ነው።

ጓሮ ቤተሰብን ይመግባል እንጂ ገበያን አይመግብም። ከተማዋ ስታድግ የአትክልት ፍላጎት የጨመረው በሁለት በኩል ነበር። አንደኛው የሆቴሎች፣ የሆስፒታሎች፣ የካምፖችና የውጭ አገር ነዋሪዎች ፍላጎት ሲሆን ሰላጣን፣ ካሮትንና ቀይ ሥርን ወደ ገበያ የሳበው ይኸው ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ የበጋው ድርቀት ጠንክሮ የዝናብ አትክልት በማይገኝበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ ለገበያ የሚደርስ ለምለም ቅጠል ያለው ውሃ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጎመን በየጓሮው ስለሚትረፈረፍ ዋጋው ይወድቃል፤ በዐቢይ ጾም ግን አንድ መደብ ቆስጣ የቤት ኪራይ ይከፍላል። የአዲስ አበባ አትክልት አምራች ወደ ወንዝ ዳር የወረደው ይህን አስልቶ ነው።

ወንዞቹ ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ተራሮች ተነስተው ከተማዋን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይፈስሳሉ። በምዕራብ ትንሹ አቃቂ፣ በምሥራቅ ትልቁ አቃቂ ሲሆኑ፣ ሁለቱም መጨረሻቸው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ዳርና ዳራቸው ያለው መሬት በክረምት ጎርፍ የሚጎበኘው፣ ለቤት ግንባታ የማይመች መሬት ስለነበር ለረጅም ጊዜ ማንም አልተሻማበትም። ድሃው አምራች ያገኘው የመጀመሪያ ሀብት ይህ ሌላው ያልፈለገው መሬት ነው። ሁለተኛው በደለል መልክ የመጣለት አፈር ነው። ሦስተኛው ውሃው ሲሆን፣ መጀመሪያ በባልዲና በቦይ፣ አቅም ሲገኝ ደግሞ በመሳቢያ ሞተር ወደ ማሳው ያወጣው ነበር።

በሁለት አዋጆች መካከል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፣ ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የገጠሩ አዋጅ ለገበሬው እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ የእርሻ መሬት ይፈቅዳል። የከተማው አዋጅ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅዳል። ነገር ግን በከተማ ውስጥ እያረሰ የሚኖረው ሰው የትኛው ነው? ገበሬ ነው እንዳይባል በቀበሌ የተመዘገበ የከተማ ነዋሪ ነው። መሬቱም ለመኖሪያ የተሰጠ ቦታ አይደለም። በሁለቱ አዋጆች መካከል የወደቀው ይህ አምራች ብቻውን ቢቆም ማንም ቦታህን ልቀቅ ሊለው ይችል ነበር።

ለዚህ መልስ የሆነው መደራጀት ነው። የኅብረት ሥራ ማህበራት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 138/1970 ሲወጣ መንግሥት በዋናነት ያሰበው በገጠር መሬትና በሬ አንድ ላይ የሚያደርጉ የአምራቾች ማህበራትን ነበር። በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ በትንሹ አቃቂ ዳርቻ የነበሩት አትክልት አምራቾች ግን ኅብረት ሥራውን ለራሳቸው ችግር ተጠቀሙበት። የዶክተር አክሱማዊት ገብረእግዚአብሔር ጥናት ስለዚህ ማህበር ከተጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የወጣው ይህ ጥናት፣ የማህበሩ አባላት ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የከተማ ነዋሪዎች መሆናቸውን፣ ከማሳቸው ለቤታቸውም ለገበያም እንደሚያመርቱ፣ መደራጀታቸውም ሕልውናቸውን ለማስጠበቅ እንደጠቀማቸው ያስረዳል። በዚያን ዘመን የከተማ እርሻን እንደ ጊዜያዊ ነገር፣ ከዚያም ባለፈ እንደ ከተማ ጉድፍ የሚያይ ባለሥልጣን ጥቂት አልነበረም። ስለሆነም ጥናቱ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል።

በ1982 ዓ.ም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና አባላት ከፈለጉ መበተን እንደሚችሉ ሲነገር፣ በገጠር ያሉት የአምራቾች ማህበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ጊዜም የብዙዎቹ መጋዘን ተዘረፈ። የወንዝ ዳሩ ማህበር ግን በዚያ ማዕበል አልጠፋም። ለምን? አንድ ትርጓሜ መስጠት ይቻላል። የገጠሩ ማህበር በሬንና ጉልበትን አንድ አድርግ የሚል ትእዛዝ ተሸክሞ ከላይ የወረደ ነበር፤ ትእዛዙ ሲነሳ ማህበሩም ተነሳ። የከተማዎቹ አምራቾች ግን ማህበሩን የያዙት መሬታቸው የቆመበት ብቸኛው ምሰሶ እርሱ በመሆኑ ነው። ትእዛዙ ቢነሳም ችግሩ አልተነሳም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1991 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 147/1991 በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ኅብረት ሥራን በሕግ ሲያጸና እንዲህ ላሉ አምራቾች አዲስ ነገር ይዞ አልመጣም፤ ቀድሞውንም ሲሠሩበት የነበረውን ስም ሰጠው ማለት ይቻላል።

ፈርስ፣ ፍግና አመድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአንድ መደብ ላይ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ቅጠላ ቅጠል የሚያመርት ሰው ከመሬቱ የሚያወጣው ምግብ እጅግ ብዙ ነው። ይህን ያህል የወጣበት አፈር ካልተመለሰለት በሁለት ዓመት ውስጥ ይደክማል። ዳፕና ዩሪያ ዋጋቸው ከፍ ባለ ቁጥር፣ ወይም ኮታው ለከተማ ነዋሪ አይመለከትም በተባለ ቁጥር፣ አምራቹ ፊቱን ያዞረው ወደ ከተማዋ ራሷ ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ የወተት ላም አርቢው ነው። አዲስ አበባ በየሰፈሩ ከሁለትና ከሦስት ላም ጀምሮ የሚያረቡ ሰዎች የሞሉባት ከተማ ናት። ለገበሬው እበት ሀብት ነው፤ ቦታ ለሌለው የከተማ ከብት አርቢ ግን ዕዳ ነው። ከጎረቤት ጋር ያጣላዋል፣ ከደንብ አስከባሪ ጋር ያነታርከዋል፣ ለማስጣያ ገንዘብ ያስወጣዋል። አንዱ ለመጣል የሚከፍልበትን ሌላው ለመግዛት የሚፈልገው ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ በመካከላቸው የጠፋው አንድ ጋሪ ብቻ ነው። የአትክልት ማህበር ካለ ግን ጋሪውን በጋራ መከራየት፣ ማጠራቀሚያውንም በጋራ መያዝ ይቻላል። የኅብረት ሥራ ጥቅም ከሚታይባቸው ትንንሽ ግን ወሳኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቄራ ነው። ከከብቱ ሆድ የሚወጣው ፈርስ ግማሽ የተፈጨ ሣርና ገለባ በመሆኑ ለብስባሽ ዝግጅት ከሚገኙት ሁሉ የተመቸ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርጥበቱን ይዞ ይመጣል፣ ማብላያ ተሕዋስያኑንም ይዞ ይመጣል። በቄራ አካባቢ ለረጅም ዘመን የዘለቀ የአትክልት ማሳ መኖሩ አጋጣሚ አይመስልም።

ከዚህ ሌላ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ የቡና ገለባ፣ የእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ የዳቦ ቤት አመድና የገበያ ጥራጊ አለ። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ዘመን በየማለዳው የሚጣለው የጎመን ቅጠልና የበሰበሰ ቲማቲም ስንት ሄክታር እንደሚያለማ የለካ ሰው የለም። ሁሉም ነገር ተጭኖ ረጲ ይደፋ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ የተከመረበት ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ይህን ያህል ሰው የበላው ክምር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ፣ ወደ አፈር መመለስ የሚችል ነገር ነበር። ከቤት በወጣበት ቅጽበት ከብርጭቆው፣ ከፌስታሉና ከባትሪ ድንጋዩ ቢለይ ማዳበሪያ ነው፤ ከተደባለቀ በኋላ ግን ማንም ባለሙያ ማሳህ ላይ ጨምረው ብሎ አይመክርም።

አምራቾች ስህተት አልሠሩም ማለት አይደለም። ጥሬ እበትና ጥሬ ፈርስ በቀጥታ በሰላጣ መደብ ላይ የመበተን ልማድ ነበር፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለትም አይቻልም። ሰላጣ ሳይበስል የሚበላ ነው፤ የወስፋት እንቁላልም በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ክምሩ በእርጥብና በደረቅ ንብርብር ተሠርቶ በየሦስት ሳምንቱ ቢገለበጥ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይበስላል፤ መሐሉ ሲሞቅም ጀርሙንም የአረሙን ዘር ይገድላል። ይህን ማስተማር የግብርና ባለሙያው ሥራ ነበር። ብዙ ባለሙያዎች ግን ወንዝ ዳሩን እንደ ሕጋዊ የሥራ ክልላቸው ስላልቆጠሩት አልወረዱበትም፤ ከዚህ ወቀሳም ነፃ አይደሉም።

ዘርን በተመለከተ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። የሐበሻ ጎመን ዘር ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በየጓሮው ለዘር ተብሎ በሚተው ግንድ የሚገኝ ነው። የጥቅል ጎመንና የካሮት ዘር ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በቆርቆሮ የታሸገ ነው። አምራቹ በአካባቢው ሊያገኘው ያልቻለው ዋና ነገር ይህ ሲሆን፣ ዛሬም ድረስ ማህበራት በጋራ ግዥ ካልሆነ በስተቀር ብቻቸውን የማይወጡት ጉዳይ ነው።

የሰጠው ወንዝ ያመጣው ጣጣ

ከወንዙ ዳርቻ ሰው ሳይፈልገው የቀረ መሬት ያገኘው አምራች ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎችም ውሃ ለመቅዳትና ፍሳሽ ለመልቀቅ ወንዙን ተከትለው ተተከሉ። የቆዳ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቀለምና የመጠጥ ፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ በዚያ ላይ የመኖሪያ ሰፈሮች ሽንት ቤት ተደማምሮ፣ አቃቂ ለአትክልት የሚሆን ውሃ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

በ1990ዎቹ በአቃቂ፣ በቄራና በፒኮክ ማሳዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ሊኖር ከሚገባው በላይ የከባድ ብረት ንጥረ ነገሮች መገኘታቸውን አመልክተዋል። ለአምራቹ ተግባራዊ ጥቅም ያለው ግኝት ደግሞ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይበልጥ ብረት የሚሰበስቡ መሆናቸው ነው። ውሃው እስኪጸዳ ድረስ የሚተከለውን መምረጥ ይቻላል ማለት ነው። ያሳዝናል እንጂ ገበያው የሚጠይቀው፣ ቶሎ የሚደርሰውና የዐቢይ ጾምን ዋጋ የሚያመጣው ቆስጣና ሰላጣ ነው። የአምራቹን ምርጫ የገበያው ዋጋ ቀድሞ ወስኖለታል።

ጥናቱ ይፋ በሆነ ቁጥር ከሕዝቡ የሚነሳው ቁጣ የሚያርፈው በአምራቹ ላይ ነበር። የመካኒሳ ቆስጣ አትግዙ ይባላል። ፍሳሹን የለቀቀውን ሰው ግን ማንም ገበያ ላይ አያገኘውም። ማሳውን የሚያጠጣ ሰው ውሃውን አላበላሸውም፤ ከተበላሸው ውሃ ጋር ግን በየቀኑ በባዶ እግሩ የሚውለው እርሱ ነው።

የሀቫና ነገር

ሌላ ከተማ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞት ምን አደረገ የሚለውን ማየት ለንጽጽር ይጠቅማል። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ከ4/5ኛ በላይ የሆነውን የውጭ ንግዷን አጣች። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና የትራክተር መለዋወጫ በአንድ ጊዜ ጠፋ። የዋና ከተማዋ የሀቫና ነዋሪዎች በባዶ ቦታዎች ላይ አትክልት መትከል የጀመሩት ማንም ሳያዛቸው፣ ርሃብ አስገድዷቸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከእኛ ይለያል። መንግሥት ባዶ ቦታውን ያለ ኪራይ የመጠቀም መብት ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ትላልቅ የመንግሥት እርሻዎች ወደ ኅብረት ሥራ አምራቾች ተዛወሩ። በየአካባቢው ዘር፣ ብስባሽና ምክር የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ተከፈቱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሀቫና ከ8 ሺህ በላይ የተመዘገቡ የአትክልት ቦታዎች ነበሩ። አፈሩ ክፉ በሆነበት ወይም በሲሚንቶ በተሸፈነበት ቦታ በድንጋይና በጣውላ መደብ ገድበው፣ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ከእበትና ከትል ብስባሽ የተዘጋጀ አፈር ሞሉበት። ኦርጋኖፖኒኮ ይሉታል።

ሀቫናን እንደ ገነት የሚያወሩ አሉ። ኩባ እህሏንና ዘይቷን ዛሬም በብዛት የምትገዛው ከውጭ ነው፤ የከተማ አትክልት እህል አይሆንም። ለቅጠላ ቅጠል ግን ለውጡ ትልቅ ነበር። አምራቹ ያገኘው አፈር በእጁ የሚቆይ መሆኑን አውቆ ስለሠራ ነው።

እንዳይሄድ የተፈራው አፈር

የአዲስ አበባው አምራች ያጣው ይህን ነው። በ1986 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 80 የገባው የከተማ ቦታ ሊዝ፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም እየተሻሻለ ሲሄድ፣ አንድ ጊዜ ማንም ያልፈለገው የወንዝ ዳር መሬት በካሬ ሜትር የሚተመን ሆነ። ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ ብዙ ማሳ መንገድ፣ ኮንዶሚኒየምና መጋዘን ሆኗል። የካቲት 2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻዎችን ለማልማት የታቀደው ፕሮጀክት ወንዙ እንዲጸዳ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ወንዙ ሲጸዳ በዳሩ ማን ይቀመጣል የሚለው ግን ለአትክልት ማህበራት ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ካሳ ሲሰላ የሚቆጠረው የቆመው ሰብል ነው። 30 ዓመት ሙሉ እበት፣ ፈርስና አመድ እየጠጣ የጠቆረው አፈር በየትኛውም ሠንጠረዥ አልተጻፈም። መረሬን ወደ እንዲህ ያለ ልፍስፍስ አፈር ለመቀየር የአንድ ሰው ዕድሜ ይፈጃል። በግሬደር ለመጥረግ ግን ግማሽ ቀን ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተሻሻለው የኅብረት ሥራ ሕግ ማህበሩን ሕጋዊ ሰውነት ቢሰጠውም፣ የከተማ አትክልት ማህበር በያዘው መሬት ላይ ያለውን መብት ከአስተዳደሩ ጋር ተደራድሮ በጽሑፍ ካልያዘ በስተቀር የእያንዳንዱ መደብ ዕጣ በሚቀጥለው ማስተር ፕላን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን መስመር የሚያነቡ የአካባቢ አስተዳደር ኃላፊዎች ቢኖሩ፣ ሜዳ ከመስጠታቸው በፊት የመስኩን አፈር በእጃቸው ዘግነው ቢያዩት መልካም ነው።

ሚያዝያ 2012 ዓ.ም በኮቪድ ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የጓሮ አትክልት እንደገና ተነሳ። በ2014 ዓ.ም የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ብስባሽ እንደገና ተወሳ። በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ሲጀመርም በየግቢው በጆንያ፣ በበርሜልና በተቆረጠ ጀሪካን ቆስጣና ቃሪያ መትከል ተስፋፋ። በየስልጠናው የመጀመሪያው ጥያቄ ከሴቶች የሚነሳ ሲሆን ሁልጊዜም አንድ ነው፤ በርሜሉስ ተገኘ፣ አፈሩ ከየት ይምጣ? ከግንባታ ቦታ የሚጠረገው ገረጋንቲ አያበቅልም። መልሱን የሚያውቁት በወንዙ ዳር ዕድሜያቸውን የፈጁት አምራቾች ናቸው። ከሁለት አጥር ወዲያ ላም የሚያረባ ሰው አለ፤ እበቱን የሚወስድለት አጥቶ በየሳምንቱ ለጋሪ ይከፍላል።